ከቤቶቻቹ ይዛቹ ውጡ

ወረታ ከተማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ጽሑፍ ሳርም እውልና ማታ ስልኬን ስከፍት ያልታረመ ዓለም ይጠብቀኛል። አንዱ «እንኳን አደረሳቹ» ይላል፤ «ችሁ»ን የት ጥሎት እንደመጣ አላውቅም። ሌላው «ካህናቶች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች» እያለ የበዛውን መልሶ ያበዛዋል። «አይደለም» ረዝሞባቸው «አደለም» የሚሉም አሉ። አንድ የበዓል ቀን አንድ የማላውቀው ሰው «ለድህነታችን የተሰቀለልን» ብሎ በትልልቅ ፊደል ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አየሁና የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ድኅነት በ«ኅ» ሲጻፍ መዳን ነው፤ በ«ህ» ሲጻፍ ማጣት ነው። ጌታ የተሰቀለው ድሀ እንድንሆን ነው እንዴ? ከልጥፉ ሥር ይህንኑ በትሕትና አስረዳሁት። እሱም «አሜን» ብሎ መለሰልኝ።

እጄን መሰብሰብ አልችልም። ስሕተት ሳይ የሆነ ነገር ይበላኛል፤ ሳላክከው አላድርም። መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ ስልካቸውን እያቀበሉ «ይህንንስ አየሽው?» እያሉ ሆን ብለው ያበሳጩኛል፤ እኔም እበሳጭላቸዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የገዛ ወንድሜ ነበር። ታናሼ ነው። ከሚስቱና ከእናታችን ጋር ቁሐር ሚካኤል ይኖራል፤ ሩዝ ይዘራል፣ ከብት ያረባል። አንደበቱ የተባረከ ነው። ሽምግልና ላይ እሱ ሲናገር ሰው ጉሮሮውን እንኳ አይጠርግም። ሲጽፍ ግን ከኋላው የሚያሳድደው ያለ ይመስላል። ጽፎ ጨርሶ አንዴም መለስ ብሎ አያነብም። ታዲያ ይሄው ሰው ነው የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ ቴሌግራም ላይ ቡድን የከፈተው። ወፍጮው ዛሬ ይሠራ እንደሆነ፣ ማን ቤት ኀዘን እንዳለ፣ የማን ጊደር ከማን ማሳ እንደገባች፣ ሁሉ ነገር በእሱ እጅ ተጽፎ ይወጣል። አንዴ «በሬ ተሰብሯል» ብሎ ለጠፈ። ጎረቤቶቹ በሬው እግሩ ተሰብሮ ነው፣ መታረዱ አይቀርም ብለው ሥጋውን ሊቃረጡ ቢላዋ ስለው መጡ። የተሰበረው የጎተራው በር ኖሯል።

እኔም የቡድኑ አባል ነኝ። መልእክት በላከ ቁጥር ከሥር ከሥሩ እየተከተልኩ አርም ነበር። እሱ አይቆጣም። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልስልኝ፤ «ገባሽ አይደል?» ይላል። ከገባኝ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል ባይ ነው። ሩዝ ለማረም የሚጎነበስ ሰው «ች» ጎደለች «ሁ» ጎደለች ብሎ የሚጨነቅበት ጊዜ እንደሌለው በስልክ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ፊደል የሚጎድለው ቸኩሎ ለጻፈው ሰው ሳይሆን ኋላ ለሚያነበው ነው ብዬ እከራከራለሁ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ከእኔ ጋር የቆሙት ቄሱ አጎታችን ብቻ ነበሩ። የተቀረው ሰው ሁሉ ከወንድሜ ጋር ነው። አንዲት የአክስቴ ልጅ እንዲያውም፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም አብሬ እንድዘጋ በቡድኑ ላይ ጻፈችልኝ። ብዙ ሰው የሳቅ ምልክት አደረገላት።

ነሐሴ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። በነሐሴ የፎገራ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሩዝ ለብሶ ከሥሩ ውኃ ያብረቀርቃል። ሩዙ ውኃ ስለሚወድ እኛም ውኃውን ችለነው እንኖራለን። አንዳንድ ዓመት ግን ወንዙ ሞልቶ ይወጣና ሳይጋበዝ እስከ ጓዳ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ወር የሜዳው ሰው ሲተኛም አንድ ጆሮው ወደ ወንዙ ነው። ምን ቀድሞ ተሸክሞ እንደሚወጣ፣ እህሉን የት እንደሚሰቅል፣ ሽማግሌውን ማን እንደሚያዝል እያንዳንዱ ቤት ያውቃል።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ያን ቀን ጠዋት እቤቴ ነበርኩ። ቁርሴን ሳዘጋጅ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። መልእክቱ እንዲህ ይላል፤

«አስቸኳይ ነው ሁላቹም አሁኑኑ ከቤቶቻቹ ይዛቹ ወደ ቤተክርስቲያኑ ጉብታ ውጡ ለሂወት አስጊ ነው እንዳትቀሩ»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያየሁት «ሁላቹም»ን ነው። ቀጥሎ «ይዛቹ»ን። «ሂወት» ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። «ሕይወት እንጂ ሂወት የሚባል ነገር የለም» ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ጣቴ መሀል ላይ ቆመ። የተባለው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ከቤት ውጡ። ለሕይወት አስጊ ነው። ውኃው መጥቷል ማለት ነው። እናቴ ጉልበቷ ደካማ ነው።

ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። እናቴ ዘንድ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። እሳቱን አጥፍቼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። ያገኘሁት ባለባጃጅ ለካ መልእክቱ ለእሱም ደርሶታል፤ ሰው ለሰው እየተቀባበለው ወረታ ገብቷል። ቁሐር ብዬ ሳልጨርስ ሞተሩን አስነሣ። አስፋልቱ ላይ የበረርነውን መብረር አልረሳውም። ግራና ቀኙን ብረት ይዤ ዓይኔን ወደ ሜዳው ወረወርኩ። ሩዙ እንደቆመ ነው። ውኃውም ከትናንትናው የተለየ አይመስልም። ዓይኔ ይህን እያየ ልቤ ግን አልቀበል አለ፤ ጎርፉ ከላይ እየመጣ ይሆናል፣ እዚህ ገና አልደረሰም ይሆናል እል ነበር።

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቂት እንደሄደ ጭቃው ያዘው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ሮጥኩ። መንገዱ ላይ የማውቃቸውን ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ፍራሽ ተሸክሟል፤ ሚስቱ የዱቄት ጆንያ አዝላለች። አንዱ የበሩን ቆርቆሮ ነቅሎ በራሱ ላይ አድርጎ ይሄዳል። «የት ደርሷል?» እላቸዋለሁ። «እየመጣ ነው» ይሉኛል። ማን እንዳየው ግን የሚነግረኝ የለም።

ጉብታው ላይ ስደርስ መንደሩ በሙሉ እዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ የተዘረጋ ገበያ መስሏል፤ ፍራሽ፣ ድስት፣ ሣጥን፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ የሕፃን ልብስ። ሰዉ ፈርቷል፤ ግን ፍርሃቱ ሥራ ያለበት ፍርሃት ነው፣ አንዱ ለአንዱ ያቀብላል፣ አንዱ የአንዱን ልጅ ይይዛል። እናቴ በተጠቀለለ የቆዳ ጀንዲ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ታቅፋለች። ስታየኝ በእርጋታ «መጣሽ? ደግ አደረግሽ፤ ወንድምሽን አየሽው?» አለችኝ። አላየሁትም። ጎህ ሲቀድ ከብቶቹን ይዞ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። ሚስቱ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

ከእናቴ አጠገብ ጎረቤታችን እማሆይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ አሮጊት ናቸው። ከቤታቸው ይዘው የወጡት አንዲት በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች ነገር ብቻ ነው። ምን እንደሆነች ብጠይቃቸው መገነዣቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሌላው ዕቃ ቢቀርም እንደማይቆጫቸው፣ እሷን ግን ውኃ ቢወስድባቸው የልጅ ልጆቻቸው እንደሚቸገሩ አስረዱኝ። አብሬአቸው ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል ቄሱ አጎታችን ከታች መጡ። ሰው ሁሉ ታቦቱ ይውጣ አይውጣ እያለ ሲጨነቅ፣ እሳቸው በዓይኔ ሳላይ አንድም ነገር አላንቀሳቅስም ብለው ወንዙ ድረስ ወርደው ኖሯል። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ወንዙ በቦታው ነው» አሉ። «የትናንቱ ውኃ ነው፣ እንዲያውም ጎደል ብሏል።»

ሰዉ አላመናቸውም። ከላይ ዘንቦ ይሆናል፣ ገና ይደርሳል አለ። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ተራራው አቅጣጫ ማየት ያዘ። ሰማዩ ግን ያን ቀን ጠርቶ ነበር።

ወንድሜ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። በሬዎቹን፣ ላሟንና ጥጃዋን ከፊት ከፊቱ እየነዳ፣ ጅራፉን በትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማንም እንዳልቀደመው ሰው ኮራ ብሎ ወደ ጉብታው ወጣ። ሚስቱ ሮጣ ልትጠመጠምበት ስትል አለፋት፤ ዓይኑ ፍራሹ ላይ ነው፣ ድስቱ ላይ ነው። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከእሱ በስተቀር ከብት የያዘ ሰው የለም፤ የሌላው ከብት ገና በግጦሽ ላይ ነው።

«ከብቶቻችሁስ?» አለ።

«የአንተስ ዕቃ?» አለው ፍራሽ የተሸከመው ሰው።

«የምን ዕቃ?»

ሁለቱ እንደዚህ እየተያዩ ሳሉ ሁለት ሞተር ሳይክሎች በጭቃው እየተንሸራተቱ መጡ። የከብት ሐኪሞች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፤ ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን በትከሻቸው አንግተዋል። ሴቲቱ የራስ ቆቧን አውልቃ የተዘረጋውን ጓዝ ተራ በተራ አየች።

«ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሆነው። ሐኪሟ ጎህ ሲቀድ ለወንድሜ ደውላ ኖሯል። አባ ሰንጋ የተባለው የከብት በሽታ ወደዚያ አካባቢ እየቀረበ ስለሆነ፣ መንገዱም ያን ቀን ለሞተር ስለተመቸ፣ ሰዉ ከብቱን ቶሎ ወደ ጉብታው እንዲያወጣ ነግራዋለች። እሱም ከብቶቹን እየነዳ በአንድ እጁ ጽፎ ላከ፤ ወዲያው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ይህን ሲናገር ሰዉ አቋረጠው። ቅቤ የተሞላ እንስራ ተሸክሞ ሲወጣ ጭቃው አዳልጦት ቅቤው የፈሰሰበት አንድ ጎረቤታችን ወደ ፊቱ ቀርቦ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይደረግም ብሎ ተቆጣው። ወንድሜ በበኩሉ ከብት እንጂ ሌላ አላልኩም ብሎ ማለ። ሊጋጩ ሆነ።

አጎታችን እጃቸውን አነሡ። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንቺ አንብቢው» አሉኝ። «እንደ ተጻፈው አንብቢው፤ አንድም አታቃኚ።»

ስልኬን አወጣሁ። «ቹ»ውንም «ሂወት»ንም ሳልነካ፣ ተማሪ ፊት እንደማነብ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ከቤቶቻቹ ይዛቹ» ላይ ስደርስ እኔም ገና ያን ጊዜ አየሁት። «ከብቶቻችሁን» ሊል ነው። «ብ» ወደ «ቤ» ዞራለች፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ወድቃለች። ከብቱ ቤት ሆኖ ቀርቷል። ምን ይዘው እንደሚወጡ ስላልተነገራቸው ሰዎቹ የቤት ዕቃውን ሁሉ ይዘው ወጥተዋል።

«ከብቶቻችሁን ነው ያልኩት» አለ ወንድሜ።

ስልኩን ሰጠሁት። በከንፈሩ እያነበነበ አነበበ፤ «ከብቶቻችሁን» ብሎ አነበበው። አጎታችን ደግመህ አንብብ አሉት። ደገመው፤ አሁንም ዓይኑ ከብት ነው የሚያየው። ጣቴን ፊደሏ ላይ አስቀመጥኩለት። «ከ... ቤ...» ብሎ ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። መጀመሪያ የሳቀችው እናታችን ናት። ዶሮዋን እንደታቀፈች ትከሻዋ እስኪርገበገብ ሳቀች። እማሆይም ቋጠሯቸውን ወደ ጉያቸው ስብስብ አድርገው፣

«ታዲያ እኔ ዛሬ አልሞትም ማለት ነው?» አሉ።

ጉብታው በሳቅ ተናጋ። ቅቤው የፈሰሰበት ሰውዬ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አየሁት። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ሄዶ ሰውየው እግር ላይ ወደቀ። ሰውየው አነሣው።

ሐኪሞቹ ጊዜ የለንም አሉ። ክትባቱ ከበረዶው ከወጣ አይቆይም፤ እነሱም ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳሉ። ሰዉ ከብቱን ለማምጣት ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። ነገር ግን ጉብታው ላይ ያልነበሩም ነበሩ፤ ፈርተው እስከ አስፋልቱ የሄዱ፣ በማዶ ዘመድ ቤት የገቡ። ለእነሱ ማን ይንገራቸው? ወንድሜ ስልኬን እንደያዘ ነበር። አየው፤ አየኝ። መልሶ ሰጠኝ።

«አንቺ ጻፊው» አለኝ።

ስንት ዓመት አስተምሬ፣ ስንት ጽሑፍ አርሜ እንደዚያ ቀን ልቤ መትቶ አያውቅም። ጻፍኩ፤ «ውኃ አልመጣም። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ተመለሱና ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ኑ። የከብት ሐኪሞች ለክትባት መጥተዋል።» አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። አጠገቤ ለቆሙት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ምን እንደገባቸው ጠየቅኋቸው። ላክሁት። በዚያው ቅጽበት ጉብታው ላይ የቀረው ሰው ሁሉ ስልክ በየኪሱ፣ በየመቀነቱ፣ በየፍራሹ ሥር አንድ ላይ ጮኸ። እንዲህ ያለ ደስታ በጽሑፍ ምክንያት ይመጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ ከብቱ መጣ። በየአቅጣጫው፣ ውኃውን እየሰነጠቀ፣ ወንዱ እየጮኸ፣ ሴቱ እየነዳ፣ የፎገራ ላሞች ከነሻኛቸው በጭቃ ተለውሰው ጉብታውን ሞሉት። ፍራሹና ድስቱ ወደ ቅጥሩ ጥግ ተገፋ። እኔም ነጠላዬን አጥብቄ አሰርኩና አንዲት እልኸኛ ጊደር ቀንዷን ይዤ አብሬ ታገልኩ፤ ከነቀሚሴ ጭቃ ላይ ተጎተትኩ፤ ሐኪሟ በሳቅ መርፌውን መያዝ አቃታት። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲጀምር የመጨረሻው ወይፈን ተወግቶ እየዘለለ ይወርድ ነበር።

ያን ቀን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር። እስከዚያ ድረስ ተከራክሬ ያላሸነፍኩትን ክርክር በአንድ ፊደል አሸንፌአለሁ፤ ሳልናገረው ልፈነዳ ነው። ወደ ቤት ስንወርድ እናቴን ደግፌ ነበር። ምን ልል እንደሆነ ሳልነግራት ገባት። «ዛሬ ተይው፣ ፊቱን አታይም?» አለችኝ። ተውኩት። ቀላል አልነበረም።

ወንድሜ የባለቅቤውን ጓዝ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤቱ አደረሰለት፤ ከራሱ ላም በሚናጠው ቅቤም እንደሚተካለት ነገረው። አመሻሽ ላይ መጥቶ እግሩን እየታጠበ፣ ቀና ሳይል፣

«እታለም፣ ያች ፊደል ግን እንዴት አለፈችኝ?» አለኝ።

እሱ ስለ ፊደል ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ድል የማድረግ ስሜቱ ወዲያው ጠፋ፤ ሌላ የሚሞቅ ነገር ተተካ። ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ዓይኑ የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን መሆኑን ነገርኩት። እኔም ለፈተና የማዘጋጀውን ጥያቄ ሌላ ሰው ካላየልኝ የማይታየኝ ስሕተት እንደሚገኝበት ነገርኩት። ከመላክህ በፊት ጮክ ብለህ ለሚስትህ አንብብላት አልኩት። ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ ዛሬ ጠዋት አንብቦልኝ ቢሆን ምጣዱን በጀርባዬ ተሸክሜ አልወጣም ነበር አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰዎች ከቅጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር ስልካቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ያ መልእክት ሌላ ምን ስሕተት እንደነበረበት ማወቅ ፈልገዋል። መሬት ላይ በእንጨት ጻፍኩላቸው። «ችሁ»፣ «ሕይወት»፣ «ቤተ ክርስቲያን»። አጎታችን ድኅነትንና ድህነትን ጨመሩ፤ ሠረቀ በ«ሠ» ወጣ፣ በ«ሰ» ሌባ መሆኑን ነገሯቸው። አንዱ ገበሬ፣ «ታዲያ ፀሐይ በሰ ሰረቀች ካልኩ ምን ወሰደች ሊሉኝ ነው?» አለ። ክርክሩ ጦፈ። የእርሻ ወሬ ተረሳ። ትምህርት ቤትሽ ሲዘጋ አብረሽ ዝጊ ያለችኝ የአክስቴ ልጅ ከሁሉ ፊት ተቀምጣ ትጠይቀኝ ነበር።

አሁን በቡድኑ ላይ እኔ ብዙም አላርምም፤ የሚቀድሙኝ በዝተዋል። ከሁሉ የሚብሰው ባለቅቤው ነው። ባለፈው እኔ ራሴ ቸኩዬ «ቅዳሜ አልመጣ» ብዬ ጽፌ «ም»ን ብረሳ፣ «መምህርት፣ ትመጫለሽ ወይስ አትመጭም? ቁርጡን ጻፊልን» ብሎ ጻፈልኝ። ያን ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ስቄአለሁ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ወንድሜ ደወለ። ስለ መስኖ ሊጽፍ ተቀምጦ፣ ውኃ በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል። በብዙኃኑ «ኃ» ነው አልኩት። ለምን አለኝ። እኔም አስተማሪዬ እንደዚያ ስላስተማሩኝ ከማለት በቀር ምክንያት አጣሁ። ቆይ ብዬው አጎታችን ዘንድ ደወልኩ፤ እሳቸውም መርጌታ ካልጠየቅሁ አልናገርም አሉ። መልሼ ደወልኩለት። ወንድሜ ከዚያኛው ጫፍ እየጮኸ፣ እኔ ከዚህኛው እየጮኽኩ ስንከራከር ባለባጃጁ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ሄዶ ነበር። ዞር ብሎ፣ «ይቅርታ፣ እኔ ግን በሃሌታው ሀ ነው የምጽፈው» አለኝ።